ለሳሎን ፎቶ 50 ሚሊ ይሻላል ወይስ ሰፋ ያለ? ከሐዋሳ የተነሳ ጥያቄና ምላሾቹ

ዋናው ጥያቄ

ይህን የፎቶ አንሺዎች የውይይት ክር የከፈተው እዚሁ ሐዋሳ፣ አረብ ሰፈር አካባቢ የሚኖር ልጅ ነው። ካነን 700ዲ ካሜራ አለው። ሌንሱ አብሮት የመጣው ኪት ሌንስ፣ 18-55 ሚሊ ዙም ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ሲጨምር ያቀርባል። የሚያነሳው የቤት ድግስ ነው፦ ክርስትና፣ ልደት፣ መልስ፣ አንዳንዴም ሽምግልና። ችግሩን በደንብ አስረድቷል። ፕሮግራሙ የሚሞቀው ሲመሽ ነው። ሳሎኑ ቢበዛ አራት በአራት ነው፣ መሀል ላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል፣ ሰው ሞልቷል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ፎቶው ወይ ይንቀጠቀጥበታል ወይ በነጠብጣብ ይሞላበታል። ያጠራቀመው ብር ለአንድ ሌንስ ብቻ ይበቃል። ያማከረው ሰው ሁሉ 50 ሚሊ 1.8 እንዲገዛ ነግሮታል (1.8 የአፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን ይበዛል)። እሱ ግን 35 ወይም 24 ይሻል እንደሆነ ጠርጥሯል። ፍላሽ ፊት ለፊት መተኮስ እንደማይወድም አክሏል።

ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚነሳ ምላሾቹን በተራ አስቀምጣቸዋለሁ። እኔም ውስጡ አለሁበት፣ አስተያየቴን አልደብቅም።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሥራውን መርቆለት በቀጥታ ወደ 50 ሚሊ 1.8 ገባ። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ኪት ሌንሱ 50 አካባቢ ሲደርስ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። 1.8 ደግሞ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በተግባር ሲታይ፣ በ1.8 ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/125 ሰከንድ ላይ ማድረግ የሚያስችል ክፍል በ5.6 ወደ 1/13 ያወርዳል። በ1/13 የሚሮጥ ልጅ ይቅርና ቁጭ ብሎ የሚስቅ ሰውም በትክክል አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤስቲኤም የሚባለው 50 ክብደቱ 160 ግራም ገደማ መሆኑን፣ እጅ እንደማያደክምም ጻፈ። የብርሃኑ ስሌት ትክክል ነው፣ ማንም ሊነቅፈው አይችልም።

ምላሽ 2

ይሄኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የምረቃ ፎቶ ያነሳል። በምላሽ 1 ተስማማ። ከኋላ ያለው ብለር (ድብዘዛ) ደንበኛን እንዴት እንደሚያስደስት ረጅም አድርጎ ጻፈ። ሁሉም ምሳሌዎቹ ግን ሐይቅ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ በቀን የተነሱ ናቸው። ስለ ሳሎን አንድም ነገር አላለም።

ምላሽ 3

እዚህ ላይ ክሩ ነፍስ ዘራ። የጻፈችው አቶቴ አካባቢ የልጆች ልደትና ክርስትና የምታነሳ ልጅ ናት። ምላሽ 1ን አመስግና፣ አንድ ትልቅ ነገር እንደረሳ ነገረችው። 700ዲ ክሮፕ ካሜራ ነው፤ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) የ35 ሚሊ ፊልም ልክ ካለው ከፉል ፍሬም ያነሰ ነው። ካነን ላይ 50 ሚሊ በ1.6 ተባዝቶ ፉል ፍሬም ላይ 80 ሚሊ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። ሦስት ሜትር ርቀሽ ስታነሺ ወደ ጎን የምታገኚው 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፣ ያም ትከሻ ለትከሻ የተጠጉ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። በዚያው ርቀት 35 ሚሊ 1 ሜትር ከ90 ገደማ፣ 24 ሚሊ ደግሞ ወደ 2 ሜትር ከ80 ይሰጣል።

ከዚያ የራሷን ገጠመኝ አወራች። አንድ ክርስትና ላይ 50 ብቻ ይዛ ሄደች። አያት፣ እናት፣ ሕፃኑ፣ የክርስትና አባት፣ ሁሉም አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረዋል። ጀርባዋ ግድግዳ ነካ። በረንዳ ወጥታ በመስኮት ብታነሳ የመስኮቱ ብረት ፍሬሙ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ሁለት ሁለት እያደረገች አነሳቻቸው፣ አያትየው ግን ሁሉም አንድ ላይ ያሉበትን ፎቶ ነበር የፈለጉት። ያ ፎቶ የለም።

ይህን ምላሽ ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ሌንስ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ መስማት ያለበት ይሄን ነው። ሰው ስለ አፐርቸር ሲከራከር ይውላል፣ ግድግዳውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ምላሽ 4 እና 5

ምላሽ 1 ተመልሶ መጣ። ሰውየው ወይ ፍንክች። ጥሩ ፎቶ አንሺ በእግሩ ዙም እንደሚያደርግ፣ ወደኋላ ትንሽ መራቅ ብቻ እንደሚበቃ ጻፈ። ምላሽ 5 ላይ ሌላ ሰው ሹል አድርጎ መለሰለት። ወዴት ነው የሚርቀው፣ ጓዳ ገብቶ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ሊቆም ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሦስት ሜትር የሚሆን ሶፋ ሙሉውን በ50 ለማስገባት ወደ ሰባት ሜትር የሚጠጋ ርቀት እንደሚያስፈልግም አስልቶ አስቀመጠ። ስሌቱ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ትንሽ ለስለስ ቢል ጥሩ ነበር።

ምላሽ 6

ከፊልም ዘመን ጀምሮ ስቱዲዮ የነበራቸው አንድ ጋሼ ገቡ። እሳቸው ሲጽፉ ሁሉም ረገብ ይላል። 50 ሚሊ ስታንዳርድ የተባለበትን ምክንያት አስረዱ። በ35 ሚሊ ፊልም ላይ የአንዱ ፎቶ ሰያፍ ልክ 43 ሚሊ ገደማ ነው፣ ስታንዳርድ ሌንስ የሚባለውም ለዚያ ልክ የሚቀርበው ነው። የካነን ክሮፕ ሴንሰር ሰያፍ ግን 27 ሚሊ ገደማ ነው። ስለዚህ 700ዲ ለያዘ ሰው ስታንዳርዱ 28 ወይም 30 አካባቢ ነው፣ 50 ለሱ የፖርትሬት (የሰው ፊት ማንሻ) ሌንስ ሆኗል። የ50ን ምክር ሰዎች ከድሮ ካሜራ ጋር ተምረውት፣ ካሜራው ሲቀየር ምክሩ ሳይቀየር እንደቀረ አሉ። ከዚህ በላይ ግልጽ ማብራሪያ በክሩ ውስጥ የለም።

ምላሽ 7

ኒኮን የያዘ ሰው ነው። ኒኮን ለክሮፕ ካሜራ ተብሎ የተሠራ 35 ሚሊ 1.8 እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እንዳለው፣ በ1.5 ሲባዛ 52 ገደማ እንደሚሆን፣ ጥያቄው ለኒኮን ሰው ያኔ እንደተዘጋ ጻፈ። አንድ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያም ሰጠ። የኒኮን 50 ሚሊ 1.8ዲ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛዋል፤ ሌንሱ ውስጥ ግን ሞተር የለም። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ካሜራዎችም ሞተር ስለሌላቸው እነሱ ላይ ራሱ ፎከስ አያደርግም፣ በእጅ ማዞር ግድ ነው። በጨለማ ሳሎን፣ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ፎከስን በእጅ መፈለግ ማለት ፎቶውን ማጣት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ከገዛ በኋላ አይናደድም።

ምላሽ 8 እስከ 10

ከዚያ ካነን ይሻላል ኒኮን ይሻላል ተጀመረ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ከመሀል አንዱ ካሜራ ራሱ እንደማያስፈልግ፣ የዘንድሮ ስልክ የማታ ፎቶ ከ700ዲ እንደሚበልጥ ተናገረ። ምላሽ 10 ላይ የአቶቴዋ ልጅ መለሰችለት። ስልኩ የማታ ፎቶ የሚሠራው በተከታታይ ብዙ ፎቶ አንስቶ በማዋሃድ ነው። ዳቦ ሲቆረስ፣ ሻማ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲዘል ደግሞ ሰው አይቆምም፣ እጁ ይደራረባል ወይም ፊቱ ይሟሟል። ቁጭ ላለ ሰው ግን ስልኩ ጥሩ መሆኑን አመነች። ሚዛናዊ መልስ ነው።

ምላሽ 11

ይሄ የኔ ነው። ለጠያቂው ምንም ነገር ሳይገዛ በፊት ኪት ሌንሱን እንዲጠቀምበት ጻፍኩለት። 18-55 ውስጥ 24ም፣ 35ም፣ 50ም አለ። የዙሙን ቀለበት 50 ላይ በፕላስተር ያስረው፣ ዘመድ ቤት ቡና ሲጠጣ በዚያ ብቻ ያንሳ። በሌላ ቀን 35 ላይ፣ በሌላ ቀን 24 ላይ። ፎቶው ጨለማ ቢሆን ግድ የለም፣ የሚፈተነው ስፋቱ ነው። ሌላም ቀላል መንገድ አለ። እስካሁን ያነሳቸውን የድግስ ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ይክፈትና የእያንዳንዱን መረጃ ይይ። በስንት ሚሊ እንደተነሳ ተጽፏል። ሳያስበው አዘውትሮ የሚጠቀምበት ቁጥር እዚያ ይታያል። በሌላ ሰው ሳሎን ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ ምክር ከዚህ መረጃ አይበልጥም።

ምላሽ 12

ጠያቂው ፋይሎቹን አይቶ ተመለሰ። አብዛኞቹ ፎቶዎቹ ከ18 እስከ 30 ባለው ውስጥ ናቸው። ወደ 50 የሄደው ሕፃኑን ብቻውን ወይም እናቲቱን ብቻዋን ሲያነሳ ነው። ይህን ሲያይ ሐሳቡ ወደ 24 እንዳዘነበለ፣ ግን የ24ቱ አፐርቸር 2.8 መሆኑ እንዳሳሰበው ጻፈ።

ምላሽ 13

ምላሽ 1 ይህችን አጋጣሚ አላለፋትም። 2.8 ከ1.8 ጋር ሲነጻጸር ብርሃኑ ከግማሽ በታች ነው። ታዲያ በጨለማ ልትሠራ ሌንስ እየገዛህ ለምን ጨለማውን ትገዛለህ የሚል ነገር ጻፈ። በስፋቱ ጉዳይ ባልስማማም የተነሳው ነጥብ እውነት ነው። 1.8 ላይ 1/125 የነበረው 2.8 ላይ 1/50 ይሆናል። ልጅ ሲሯሯጥ 1/50 አይበቃም።

ምላሽ 14

እዚህ ላይ ግን ለኔ ክርክሩን የቆረጠው ምላሽ መጣ። የጻፈው የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ነው፣ ነገር አያበዛም። 50ውን 1.8 ላይ ከፍቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እናት ልጇን ታቅፋለች እንበል። የእናትየው ዓይን ላይ ፎከስ ካደረግክ የልጁ ፊት ይጠፋል። ልጁ ላይ ካደረግክ እናትየው ትደበዝዛለች። ሁለቱንም ለማውጣት አፐርቸሩን ወደ 4 መዝጋት አለብህ። 4 ላይ ከዘጋኸው ደግሞ 1.8 ብለህ የከፈልክበት ብርሃን የት አለ? 24ቱ በ2.8 ከዚያው ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይሰጣል። እናትም ልጅም ይወጣሉ። ከብዙ ሰው ጋር በሚነሳ ፎቶ 2.8 ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚሠራ ሌንስ፣ 1.8 ሆኖ 4 ላይ ከሚዘጋ ሌንስ የበለጠ ብርሃን ያገኛል።

እርግጥ ነው፣ 50ውን ይዞ ወደኋላ የሚርቅ ሰውም ጥልቀት ይጨምራል። ግን ወደኋላ መራቂያ የለም፣ ይሄው ነው ችግሩ። ደግሞ ሰፊ ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። 50ውን ክሮፕ ላይ በእጅ ለመያዝ 1/80 ያህል ሲያስፈልግ 24ቱን በ1/40 መያዝ ይቻላል። ለሚንቀሳቀስ ሰው አይጠቅምም፣ ለተቀመጡ ሽማግሌዎች ግን ብዙ ይረዳል።

ምላሽ 15 እና 16

ቪዲዮ ሠሪው እግረ መንገዱን ስለ መብራት አነሳ። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተርህ 1/250 ወይም 1/500 ከሆነ ፎቶው ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ይወጣሉ፣ ወይም አንዱ ፎቶ ፈካ ብሎ ቀጣዩ ይጠቁራል። 1/50 ወይም 1/100 ላይ ግን ይጠፋል። ምላሽ 16 አዳዲሶቹ የካነን ካሜራዎች ፀረ-ፍሊከር (ይህን መርገብገብ የሚከላከል ነገር) እንዳላቸው ጠቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 በ7ዲ ማርክ 2 የጀመረ ነው፣ 700ዲ ላይ የለም። ስለዚህ የጠያቂያችን ሹተር 1/100 ነው። ከላይ ያለውን ስሌት ይዘን ስንሄድ፣ 1.8ን በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 በ1/125 የሚያስነሳው ክፍል 24ቱን በአይኤስኦ 3200 በ1/100 ያስነሳል። መስመርም አይወጣም። ይሄን ሳሰላው ለ24ቱ የነበረኝ ጥርጣሬ ቀለለ።

ምላሽ 17

አንድ ተሳታፊ 3200ን ሲሰማ ደነገጠ፣ ፎቶው አሸዋ እንደሚሆን ጻፈ። ጋሼ በትዕግሥት መለሱ። ፎቶን የሚያበላሸው 3200 ራሱ ሳይሆን አጨልሞ ማንሳት ነው። ብዙ ልጆች ነጠብጣብ ፈርተው በ800 ያነሱና ፊቱ ሲጠቁር በኮምፒውተር ያበሩታል። ያኔ ነጠብጣቡ ይብሳል፣ በተለይ በጠይም ፊት ላይ ቆዳው አመድማ ይሆናል። በ3200 በትክክል የበራ ፎቶ ይሻላል። ፋይሉም ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን።

ነጭ ልብስንም እዚሁ አነሱ። ክርስትና ላይ ሁሉም ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለብሶ ነው የሚመጣው። ካሜራው ነጩን ሲያይ ቤቱ የበራ ይመስለውና ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ወደ ፕላስ መግፋት፣ እስከ አንድ ስቶፕ (እጥፍ ብርሃን) ድረስ፣ ግድ ነው። የትኛውም ሌንስ ይሄን አያስተካክልም። ይህን የውጭ አገር ቪዲዮ የሚያይ ልጅ አይማረውም፣ እዚህ የሠራ ሰው ነው የሚነግረው።

ምላሽ 18 እና 19

ነገሩ የጦፈው እዚህ ነው። አንድ አዲስ ገቢ ጋሼን አንተ እያለ፣ የፊልም ዘመን ሰው ስለ ዲጂታል ምን ያውቃል ብሎ ጻፈ። የአቶቴዋ ልጅ ልክ ልኩን ነገረችው። ጋሼ የጻፉትን አንድ በአንድ አንብቦ ስህተት ካገኘ እንዲያሳይ፣ ካላገኘ አንቱ ብሎ እንዲጠይቅ። ልጁ ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼም ቅር እንዳላላቸው ጽፈው ፍላሽ እንዴት መጠቀም እንዳለበት አስረዱት። ፍላሹን ወደ ኮርኒሱ አዙሮ መተኮስ ነው። ብርሃኑ ከላይ ተበትኖ ይወርዳል፣ ፊት አያፈነዳም። ግን መጀመሪያ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡናማ እንጨት ከሆነ ፊት ሁሉ ቢጫ ይሆናል፣ ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነም ቀለሙ ወደ ፊት ይመጣል። ካሜራው ላይ ያለችው ትንሿ ፍላሽ ወደ ላይ ስለማትዞር ለዚህ አትሆንም።

ምላሽ 20

ስለ ያገለገለ ሌንስ አንድ የታቦር ልጅ ጻፈ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የዶላር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ አዲስ ሌንስ ላይ እጅ መዘርጋት ከብዷል፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ያገለገለ ነው የሚገዛው። ሌንሱን ከኋላ በስልክ ባትሪ አብርቶ ወደ ውስጥ ማየት ነው። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ፈንገስ ነው፣ ይተወው። ካሜራው ላይ ሰክቶ ቅርብና ሩቅ ፎከስ ያስደርገው፣ ሞተሩ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ይመልሰው። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ሌንሱን በተዘጋ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ለወራት መተው የለበትም፣ እርጥበት ፈንገስ ይጋብዛል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ቦርሳው ውስጥ መክተት ይረዳል።

ምላሽ 21 እና 22

ጨዋታው ወደ ፍቼ ጨምበላላ ሄደ። ጉዱማሌ ላይ በ50 ያነሳቸውን ፎቶዎች የምረቃ ፎቶ አንሺው ሊያሳይ ፈለገ። በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ካሜራ ይዞ የሚመጣው ሰው እንደበዛ፣ ለሽማግሌዎች ፊት 50 እንደሚመች ተነጋገሩ። እውነት ነው፣ ሜዳ ላይ 50 ግሩም ነው። ለሳሎን ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም።

ምላሽ 23

አዲስ ሐሳብ ያመጣው አንድ ዝምተኛ ሰው ነው። ብር ካለ ሲግማ 30 ሚሊ 1.4 ለካነን ክሮፕ እንደሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አርት የሚባለው ስፋቱም ብርሃኑም አንድ ላይ እንዳለው አስታወሰ። ጋሼ ያሉት የ28 እና የ30 ስታንዳርድ ማለት ይሄ ነው። እኔም ለዚህ ሥራ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። ዋጋው ግን ከ50ውም ከ24ቱም ይበልጣል፣ ጠያቂው ደግሞ አቅሙን ከመጀመሪያው ተናግሯል።

ምላሽ 24

ጠያቂው ወሰነ። ያገለገለ 24 ሚሊ 2.8 አግኝቷል፣ በባትሪ አይቶ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጧል። የቀረችው ብር ላይ ጨምሮ ጭንቅላቱ የሚዞር ፍላሽ ሊፈልግ ነው። ሁሉንም አመሰገነ፣ ምላሽ 1ንም ጭምር። ምላሽ 1 አሁንም እንዳልተስማማ፣ የሕፃኑ ብቻውን ፎቶ ላይ 50ውን እንደሚናፍቅ ጻፈለት። ለዚያ ፎቶ እውነቱን ነው። እኔ ግን አያትየው የፈለጉትን ፎቶ የሚያስቀር ሌንስ አስቀድሜ አላስገዛም።

ምላሽ 25

አንድ የአዳማ ልጅ ኒኮን ዲ5300 እንዳለው፣ ስንት ሚሊ እንደሚሻለው ጠየቀ። ምላሽ 7ን እንዲያነብ፣ ካነበበ በኋላም ኪት ሌንሱን 35 ላይ አስሮ እንዲሞክር ጻፍኩለት።